ውሃ የሰጣቸው ማነው?

ልጅየው ከሆስፒታሉ በር ውጪ፣ ጥበቃዎቹ ከወጠሯት ሸራ ስር ቆሟል። ዝናቡ ይወርዳል። አባቱ ማረፋቸውን ከነገርነው ግማሽ ሰዓት አልፏል። ኦክስጅን አንሷቸው ነበር ወይ ብሎ አልጠየቀንም። መድኃኒት ጎድሎ ነበር ወይ አላለም። ዝም ብሎ ቆየና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«መጨረሻ ላይ ውሃ የሰጣቸው ማነው?»

መልስ አልነበረኝም። ተመልሼ ገባሁና ቻርቱን ገለጥኩ። ሳቹሬሽን፣ ማለትም በደም ውስጥ ያለው የኦክስጅን መጠን በመቶኛ፣ በየሰዓቱ ተጽፏል። የልብ ምት አለ። የደም ግፊት አለ። ዴክሳሜታዞን የሚባለው መድኃኒት 6 ሚሊ ግራም፣ በቀን አንድ ጊዜ፣ ከነፊርማው አለ። ውሃ የሚል ቃል ግን አምስቱንም ቀን የትም ገጽ ላይ የለም።

ይህ የሆነው በ2013 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ነው፤ ጅማ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል፣ ለኮቪድ በተለየ ክፍል ውስጥ። እኔ የክፍሉ ነርስ ነበርኩ። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም። የሰውየውንና የቤተሰባቸውን ማንነት የሚጠቁመውንም ትቻለሁ። የቀረው ግን እንዳለ ነው።

ከበር የተመለሱት

የዓለም ጤና ድርጅት መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ነው ብሎ ሲያውጅ፣ ለእኛ ወሬው የሩቅ አገር ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 4፣ የመጀመሪያው ታማሚ አዲስ አበባ ላይ ተገኘ። ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ ነበር። ትምህርት ቤት ተዘጋ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስልክ ስትደውሉ ከጥሪው በፊት እጃችሁን ታጠቡ የሚል ድምፅ፣ የክርን ሰላምታ፣ ፌጦ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት። ሄርማታ ገበያ ሎሚ እንደ ወርቅ የተፈለገበት ሰሞን።

እኛ ዘንድ አንድ ክፍል ባዶ ተደረገ። መግቢያው ላይ ቀይ መስመር ተቀባ። ከመስመሩ ወዲያ ያለ ፒፒኢ፣ ያለ ሙሉ መከላከያ ልብስ፣ አይታለፍም። የመጀመሪያው ሥራ ደግሞ አስታማሚን ማስወጣት ነበር። ልክ ነበር፤ ዛሬም ልክ ነበር እላለሁ። ለአንድ በሽተኛ ሦስት አራት ሰው ተከትሎ በሚመጣበት አገር፣ አንድ ክፍል ውስጥ ሠላሳ ሰው ከተነፈሰ ቫይረሱ ሌላ ምን ይፈልጋል?

ግን አስታማሚ ምን ምን ይሠራ እንደነበር ቁጭ ብሎ የቆጠረ አልነበረም። እኔም አልቆጠርኩም።

እስቲ አሁን ልቁጠር። ጠዋት የበሽተኛውን ፊት የሚያጥበው አስታማሚ ነው። ፖፖ የሚያቀርበውም የሚደፋውም እሱ ነው። አንሶላ ይቀይራል። ማዘዣ ይዞ ከውጪ መድኃኒት ይገዛል፤ አንዱ ፋርማሲ ከሌለ ባጃጅ ይዞ ሌላው ጋ ይሄዳል። ናሙና ላብራቶሪ ያደርሳል፣ ውጤት ደጅ ይጠናል። ደም ሲያስፈልግ ዘመድ ይሰበስባል። በሽተኛው ኦሮምኛ ብቻ፣ ኢንተርኑ፣ ተለማማጁ ሐኪም፣ አማርኛ ብቻ ከሆነ መሀል ገብቶ ያስተረጉማል። ሌሊት አልጋው ስር ካርቶን አንጥፎ ጋደም ይላል፤ እንቅልፍ ግን የለውም። «ሲስተር፣ ግሉኮሱ አልቋል!» ብሎ የሚጠራን እሱ ነው።

እውነቱን ልናገር፣ ያ ጥሪ ያንገሸግሸን ነበር። ገና ቁጭ ስንል «ሲስተር!» ሻዩን አፋችን ሳናደርስ «ሲስተር!» ስንቱን አስታማሚ ተቆጥተነዋል። ቀይ መስመሩ ከተቀባ በኋላ የሚጠራን ጠፋ። የኦክስጅን ፉጨት ብቻ ነው የሚሰማው። መጀመሪያ ሰሞን «ክፍሉ እንዴት ጸጥ አለ፣ ደስ ሲል!» ተባብለናል። ጸጥ ያለው ግሉኮሱ ሲያልቅ የሚያይ ሰው ስለሌለ እንደሆነ የገባን ዘግይቶ ነው።

ትምህርት ቤት ሳለን ይህ ሁሉ የነርስ ሥራ ነው ተብለን ነው የተማርነው። ግን አንዲት ነርስ ሃያ በሽተኛ ስትይዝ ሥራው ቀስ እያለ ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል። ማንም ሂድ አላለውም። እንዲያው ሆኖ ቀረ። ኮቪድ ቤተሰቡን ሲያስወጣ ያ ሥራ ወደ እኛ አልተመለሰም። መሬት ላይ ወደቀ።

የመጀመሪያው ማዕበል በዚህ ሁኔታ አለፈ። መጀመሪያ ናሙና 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ ነበር የሚመረመረው፤ በኋላ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ራሱ መመርመር ጀመረ። መጋቢት 4 ቀን 2013 ደግሞ ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ላይ ክትባት ተጀመረ፤ የመጀመሪያው ታማሚ በተገኘ ልክ በዓመቱ። እኛም ተራችን ደርሶ አስትራዜኒካ ተወጋን። ክንዳችን ሳይሽር ሁለተኛው ማዕበል መጣ። ከፊተኛው የከፋ ነበር።

ሰውየው

ሰባን አልፈዋል። ከአጋሮ ወዲያ ካለ ገጠር ነው የመጡት፤ ቡና ገበሬ ናቸው። ሲገቡ ያለ ኦክስጅን ሳቹሬሽናቸው 78 ነበር። እኛ ከ94 ሲወርድ ነው መስጋት የምንጀምረው። እሳቸው ግን 78 ላይ ሆነው ለአምቡላንስ ሹፌሩ ምርቃት ያወርዳሉ። ኮቪድ እንዲህ ያታልላል። ሳንባ እየተሸነፈ ሰውየው ቁጭ ብሎ ያወራል።

ከረጢት ያለው ማስክ አደረግንላቸው። በደቂቃ 10 ሊትር ተከፈተ። ትልቁ ሲሊንደር 7,000 ሊትር ገደማ ነው የሚይዘው። በ10 ሊትር ሲሄድ 12 ሰዓት አይሞላም። በ15 ሲሆን 8 ሰዓትም አይደርስ። ስለዚህ ዓይናችን ሁሌም ጌጁ፣ የሲሊንደሩ መለኪያ፣ ላይ ነው። ኮንሰንትሬተር የሚባለው ማሽን ኦክስጅኑን ከአየር ላይ ስለሚለይ ሲሊንደር አያስፈልገውም። መብራት ግን ያስፈልገዋል። የመብራቱን ነገር ጅማ የኖረ ያውቀዋል።

ፒፒኢ ለብሰን ስንገባ አራት ሰዓት እንቆያለን። ውሃ የለም፣ ሽንት ቤት የለም። መነጽሩ በላብ ይጨልማል። ማን ማን እንደሆነ ስለማይለይ ጀርባችን ላይ ስማችንን በማርከር እንጽፋለን። በዚያ ላይ ሁለት ጾም ተገናኝቷል። ፋሲካ ሚያዝያ 24 ስለነበር ሁዳዴ አልተፈታም። ረመዳን ደግሞ ሚያዝያ 5 ገብቷል። «ለማንኛውም ውሃ አንጠጣ፣ ጽድቁ በነፃ ይታሰብልን» ይል ነበር አንዱ ኢንተርን።

ሰውየው የገቡት በረመዳን አራተኛው ቀን ነው። ምሳ ቀረበላቸው፣ አልነኩትም። እኔ ያለኝ የሄርማታ ኦሮምኛ ነው። ሽንኩርት ስንት ነው እላለሁ፤ የሕመም ጨዋታ ግን አልችልም። ብርጭቆውን አሳየኋቸውና «ቢሻን?» አልኳቸው፤ ውሃ ማለቴ ነው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀሰሩ። ማስኩ ውስጥ የሆነ ነገር አሉ፣ ኦክስጅኑ ስለሚያፏጭ አልሰማሁም።

እኔ ለፈጣሪ ትቼዋለሁ ያሉኝ መሰለኝ። ርክክብ ላይ «ምግብም ውሃም አልፈልግም ብለዋል፣ ተስፋ ቆርጠዋል» አልኩ። ቀጣዩ ተረኛ ተቀብሎኝ ለሌላው አስተላለፈ። ሁለት ቀን እንዲሁ ሄደ። ማታ ማታ ግን ሾርባ ይቀምሱ ነበር። የሌሊቱ ተረኛ «ዛሬስ ትንሽ ተሽሏቸዋል» ይላል፤ የቀኑ ተረኛ «ደግሞ እምቢ አሉ» ይላል። ይህን ቀንና ማታ ያገናኘ ሰው አልነበረም። ወሩ ረመዳን፣ ግማሻችን ጾመኛ፣ እሳቸውም ጾመኛ። ለካ ጣታቸውን የቀሰሩት ለዚያ ነው።

ነገሩ የገባት እትዬ ናት። የክፍሉ የጽዳት ሠራተኛ ነች፤ እንደ ታላቅ እህት ስለሆነች ሁላችንም እትዬ ነው የምንላት። አልጋቸው ስር ስትወለውል በኦሮምኛ ጠየቀቻቸው። «ጾም ላይ ነኝ» አሏት። በሽተኛ እንደማይገደድ፣ ሲድን እንደሚከፍል ነገረቻቸው። «አንቺ ሼህ ነሽ?» አሏት። «ሼህስ አይደለሁም፣ ወልዋይ ነኝ። ይህቺን ግን አውቃለሁ» አለቻቸው። ሳቁ አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀንም ይቀማምሱ ጀመር።

መብላቱም ቢሆን ቀላል አይደለም። አንድ ጉርሻ ለመጉረስ ማስኩ መነሳት አለበት። ሲነሳ 88 የነበረው ሳቹሬሽን ወደ ሰባዎቹ ይወርዳል። ማስኩ ይመለሳል፣ እስኪያገግሙ ይጠበቃል፣ እንደገና ይነሳል። አንድ ሳህን ሾርባ አርባ ደቂቃ ይፈጃል። ክፍሉ ውስጥ በአንድ ፈረቃ ስምንት በሽተኛና ሁለት ነርስ ነበርን። ስምንቱንም በአግባቡ ላብላ ብትሉ አምስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ነው። አንዷ ነርስ ማብላት ብቻ ሥራዋ ቢሆን እንኳ አራት ሰዓቷ አይበቃትም። ይህን ስሌት ያኔ አልሠራነውም። የሲሊንደሩን ግን እንደ ማባዛት ሰንጠረዥ በቃላችን እናውቀው ነበር።

በአምስተኛው ሌሊት መብራት ሄደ። ጄነሬተሩ እስኪነሳ ኮንሰንትሬተር ላይ የነበሩትን ሦስት ሰዎች ወደ ሲሊንደር ለማዛወር እንራወጥ ገባን። ቁልፍ ፍለጋ፣ ጨለማ፣ የስልክ መብራት። እሳቸው ቀድሞም ሲሊንደር ላይ ስለነበሩ አልተነኩም። ኦክስጅን አጥተው አልሞቱም፤ ሳንባቸው ነው አልቀበልም ያለው። ቻርቱ ላይ 82 ይላል፣ ከዚያ 79፣ ከዚያ 74። ሱሑር፣ የጾመኛው የሌሊት ምግብ ሰዓት፣ ሳይደርስ አረፉ። አጠገባቸው ማንም አልነበረም ብዬ ነበር የማምነው።

ዋንዛው ስር

ከሳምንት በኋላ ስብሰባ ተጠራ። አጀንዳው የኦክስጅን ብክነት ነው። በዝግ ክፍል መሰብሰብ ስለተከለከለ ግቢው ውስጥ ካለው ዋንዛ ስር ተራርቀን ተቀመጥን። የሲሊንደሩ ጉዳይ አለቀና «ሌላ አለ?» ሲባል የልጁን ጥያቄ አነሳሁ።

ሐኪሙ ወዲያው ተቃወመ። ያለ ምክንያትም አይደለም። እንደዚያ እያለከለከ ላለ ሰው ውሃ ቢሰጠው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ከንፈሩን በረጠበ ፋሻ ማበስ ነው የሚሻለው። «ውሃ አልሰጠናቸውም ብለን ልንወቀስ አይገባም» አለ። ልክ ነው አልኩት። «ከንፈራቸውን ያበሰውስ ማነው?» ስለው ግን ዋንዛውን ቀና ብሎ ያይ ጀመር።

ከዚያ ጥበቃው ተናገረ። ቤተሰብ በየቀኑ ፔርሙስና ምሳ ዕቃ ያመጣል። ፕላስተር ለጥፎ የበሽተኛውን ስምና የራሱን ስልክ ይጽፍበታል። አንዳንዱ ይገባል፣ አንዳንዱ በሩ ላይ ቀዝቅዞ ያድራል። «ለማን ልስጠው? ያን ልብስ የለበሰ ሁሉ ለእኔ አንድ ነው» አለ። በሽተኛ የሚያመላልሰው ፖርተር ከእሱ የባሰ ነገር ነበረው። ቤተሰቦች ስልኩን አግኝተው ይደውሉለታል። አባባ በሉ ወይ ይሉታል። «በሉ እላለሁ። ምን ልበላቸው?» አለና አንገቱን ደፋ። ስንት ቀን እንደዚያ እንዳለ አልጠየቅነውም።

አንዷ ነርስ የአከራይዋን ነገር አነሳች። ከሥራ ስትመለስ በጓሮ በር ግቢ ተብላለች። ልጇን እናቷ ጋ ልካ ሁለት ወር አላየቻትም። ከአጀንዳው ጋር አይገናኝም፤ ማንም ግን አላቋረጣትም። ሌላው ደግሞ የዱቲ፣ የትርፍ ሰዓት ሥራ፣ ክፍያ ስንት ወር እንደተጠራቀመ ሲጠይቅ ስብሰባው ተንጫጫ። የዱቲውን ነገር ከጀመርኩ ስለማላቆም ልለፈው።

እትዬ ከኋላ ነበረች። ጽዳቶች ስብሰባ ላይ ተጠርተው አያውቁም። ያን ቀንም የመጡት ወንበር ሊደረድሩ ነው። ምንም አላለችም።

በማግስቱ የቆሸሸ ጋውን ስትሰበስብ በዓይኗ ጠራችኝ።

«ውሃ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ» አለች።

መብራት ሲሄድ ክፍሉ ውስጥ ነበረች። በጨለማው አንዱ ያስመለሰውን እየወለወለች ሳለ «ቢሻን» ሲሉ ሰማች። ማስኩን ትንሽ ከፈት አድርጋ፣ በሃይላንድ ክዳን ሦስት ጊዜ ጠብ ጠብ አደረገችላቸው። እጇን ይዘዋት ቆዩ። ከዚያ እኛ «እትዬ፣ መብራቱን ያዢልን!» ብለን ጠራናት። ስትመለስ እጃቸው ወድቋል።

«ትናንት ለምን አልተናገርሽም?»

«ጽዳት በሽተኛ አይንካ ተብሎ ተጽፏል። እኔ ኮንትራት ነኝ፣ እህቴ።»

ያን ጽሑፍ በሩ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። በፕላስተር፣ በራሴ እጅ። የወጣው እነሱን ከበሽታው ለመጠበቅ ነው ተብሏል። ግን ፒፒኢ ሲታደል ጽዳት መጨረሻ ነው፤ የሚደርሳቸው የተረፈው ነው። ትውከቱን፣ ሰገራውን፣ የሞተ ሰው አንሶላ የሚያነሱት ደግሞ እነሱ ናቸው። እውነት ልንጠብቃቸው ብንፈልግ ከማስኩ እንጀምር ነበር።

ሐኪሙ ያለው አልጠፋኝም። ሦስት ጠብታ ውሃ ሊጎዳቸው ይችል ነበር? ይችል ይሆናል። 74 ላይ ያለን ሰው ውሃው ነው የገደለው የሚል ሐኪም ግን አላገኘሁም። ተቃዋሚው ሐኪም ራሱ ነገሩን ስነግረው ጥቂት ዝም አለና «ጥሩ አደረገች» ብሎ ሄደ።

ለልጁ ደወልኩለት። ስልኩ ፔርሙሱ ላይ ተጽፎ ነበር፤ ፔርሙሱም ገና ጥበቃ ቤት ነው። አንዲት ሠራተኛ ውሃ እንደሰጠቻቸው ነገርኩት። ስሟን ጠየቀ፣ አልናገርም አልኩት፤ እንዳልናገር ለምናኛለች። ዝም አለ። ከዚያ «ቢስሚላህ ብላ ነው የሰጠችው?» አለኝ። ስልኩን ይዤ ወደ እሷ ሄጄ ጠየቅኳት።

«ሳልል እሰጣለሁ እንዴ!» አለች፣ ተቆጥታ። ልጁ ሰማት።

የቀየርነው

ከዚያ በኋላ ያደረግነው ትልቅ ነገር አይደለም። እንዲያውም የሚያናድደው ትንሽነቱ ነው። በ2012 ልናደርገው እንችል ነበር።

ቻርቱ ላይ በእጅ አንድ ዓምድ አሰመርን፤ «ውሃ/አፍ» የሚል። ምን ያህል እንደጠጡ፣ ካልጠጡም ከንፈራቸውን ማን እንዳበሰ ይጻፍበታል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ባዶው ይበዛ ነበር። ባዶውን ማየቱ ራሱ ያሳፍራል። ሲበሉ ማስኩ እስኪመለስ በአፍንጫ ቱቦ ኦክስጅን መስጠት ጀመርን። ይህን የሚያውቁ ነበሩ፤ ግን የተለየ ዕቃ መክፈት ብክነት ይመስለን ነበር። ሳቹሬሽኑ እንደ በፊቱ አይወርድም፣ ሾርባውም ቶሎ ያልቃል።

ኢንተርኑ ደግሞ የሃይላንድ ክዳን በስቶ ያልተከፈተ የግሉኮስ መስመር ቆርጦ ሰካበት። በሽተኛው ጋደም እንዳለ፣ ማስኩን ብዙ ሳያነሳ፣ ቱቦውን ይስባል። ፋርማሲስቱ «ደህናውን መስመር ለውሃ መጠጫ!» ብሎ ጮኸ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ጊዜው ያለፈበት መስመር ሰብስቦ «እነዚህስ ይሆኗችኋል?» ብሎ ይዞ መጣ። ጊዜው ያለፈበትን አልተቀበልነውም፤ ሐሳቡን ግን አመሰገንነው።

ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ አንድ ሰው ለቤተሰብ ሁሉ እንዲደውል ተመደበ። ፖርተሩ ከመዋሸት ዳነ። በየፈረቃው ኦሮምኛ የሚናገር ቢያንስ አንድ ሰው እንዲኖር ተደረገ። አባባ ስለ ጾማቸው የተናገሩትን ያን ቀን የሚሰማ ሰው ቢኖር ሁለት ቀን ባልባከነ።

የተጣላንበት አስታማሚ የመመለሱ ነገር ነው። በጣም ለደከመ በሽተኛ አንድ ሰው፣ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ በቀን ሁለት ሰዓት ይግባ አልን። ግማሹ ተቃወመ። አንዲት ልጅ እናቷን ስታስታምም ቆይታ ፖዘቲቭ ሆነች፤ ሕመሟ ቀላል ነበር። ተቃዋሚዎቹ «አላልንም?» አሉ። ልጅቷ ግን «ብታስወጡኝ ኖሮ ነበር የሚያመኝ» አለች። እኔ ከልጅቷ ጋር ነኝ። ግን በሷ ፈንታ ስኳር ያለበት ሽማግሌ ቢያዝ እንዲህ እናገር ነበር ወይ ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ።

እነ እትዬ አለባበስና አወላለቅ ከእኛ እኩል ሠለጠኑ። በሩ ላይ የለጠፍኩትን ወረቀት ላጥኩት። ፕላስተሩ ቀለሙን ይዞ ወጣ፤ አራት ማዕዘን ምልክት ቀረ።

የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 የኮቪድ ዓለም አቀፍ የጤና ድንገተኛነት አብቅቷል አለ። የእኛ ክፍል ከዚያ በፊት ወደ ቀድሞ ሥራው ተመልሷል። ቀይ መስመሩ ላይ ግራጫ ቀለም ተቀባበት፣ ፀሐይ ሲመታው አሁንም ይታያል። አስታማሚዎች ከነካርቶናቸው ተመለሱ። «ሲስተር፣ ግሉኮሱ አልቋል!» ተመለሰ።

አዲስ የታተመ የቻርት ፎርም መጣልን። ጥሩ ወረቀት ነው። የውሃ ዓምድ ግን የለውም። በማስመሪያ ራሳችን እንጨምራለን። ሥራ ሲበዛ ሳናሰምር የምናልፍበት ቀን አለ። እትዬ አሁንም ኮንትራት ናት።